አነፍናፊ ውሻን በቤተሰብ መካከል ስለ ማኖር
በደምበጫ ከተማ የተነገረ ዲስኩር



በአገራችን ልማድ ፈረስና በቅሎ በአደባባይ ሲወደሱ፣ በሬ በእርሻ ላይ በዜማ ሲሞገስ፣ ላምም በወተቷ ስትመረቅ መስማት የተለመደ ሲሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ደጃችንን የሚጠብቀው ውሻ ግን ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሊሰደብበት ስለ ሆነ፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ቆሜ ስለ እርሱ፣ ይልቁንም ከውሾች ሁሉ ለይቼ በአፍንጫው እየተመራ ስለሚኖረው ስለ አነፍናፊው ውሻ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። እኔ ግን ነገሩን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። በዚህ አገር ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፤ በግቢው ያለው ውሻ ምን ዐይነት ፍጥረት እንደ ሆነ ጠይቆ የተረዳ ባለቤት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ውሻውን በበር ላይ አስረን እንዲጮኽ ብቻ ብናኖረው ከተፈጥሮው ታላቁን ክፍል እንዘጋበታለን፤ ያ የተዘጋበት ክፍል ማሽተት ነው፤ የተዘጋውም ኀይል ሌላ መውጫ ስለሚፈልግ ውሻው ተናካሽ፣ ያለ ምክንያት ጯሂና አጥር ዘላይ ይሆናል። እንዲያው ብንለቀው ደግሞ አፍንጫው ወደ መራው ሁሉ እየሄደ በመኪና ይገጫል፣ የሰው ዶሮ ይነጥቃል፣ ከሁሉም የከፋውን በሽታ ወደ ቤታችን ይዞ ይመለሳል። ዛሬ የምናገረው በእስራትና በልቅነት መካከል ስላለው መንገድ ነው።

አንደበታችን ውሻን ሲበድለው የኖረ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። በከንቱ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል፤ የቤት ገመና በውጭ ሰው እጅ ሲወድቅ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ተብሎ ጥፋቱ ሁሉ በውሻው ላይ ይደፈደፋል። ያው ሕዝብ ግን ውለታ የማይረሳን ሰው ሊያመሰግን ሲሻ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል፤ እኔም ከሦስቱ አነጋገር ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ።

ስለ ሃይማኖቱም ነገር የሚጠይቁ አሉና እርሱን ሳልነካ አላልፍም። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ መከልከሉ የመቅደስ ክብር ነው፤ ይህንን ሥርዐት አክብሮ መያዝ የእያንዳንዱ ውሻ አሳዳሪ ግዴታ ስለ ሆነ፣ ደምበጫ ሚካኤል የሚሳለም ሰው ውሻው ተከትሎት እንዳይመጣ ከቤቱ አስሮት ወይም ዘግቶበት ይውጣ። ሆኖም ከቅጽር ውጭ ፍጥረቱን እንድንጠላው የሚያዝዝ ቃል ከመጻሕፍት አላገኘሁም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሜዶን አገር ሲወጣ ውሻው አብሮት መጓዙ ተጽፏል፤ መልአክና ውሻ በአንድ መንገድ ሲሄዱ መልአኩ ውሻውን አላባረረውም። በወንጌልም ሀብታሙ ሰው ለአልዓዛር ፍርፋሪ ሲነፍገው ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። በቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ላይ የሚታዩትን ገጸ ከልባት ያየ ሰው፣ አስቀድመው ሰው በላ የነበሩት እነዚያ ፍጥረታት በአምላክ ኀይል ገርተው የቅዱሱ አገልጋዮች እንደ ሆኑ በገድሉ ይሰማል። በልጅነቴ ያን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ከፈረሱና ከጦሩ ይልቅ ዐይኔን የሚስበው የእነዚያ የተገሩ ፊቶች ነገር ነበር።

አሁን ወደ ተፈጥሮው ልግባ። ሊቃውንታችን አምስቱን ሕዋሳት ሲቆጥሩ ማየትን ያስቀድማሉ፤ ለሰው እውነት ነው፣ ሰው አገሩንም ወዳጁንም የሚያውቀው በዐይኑ ነው። ለውሻ ግን የሕዋሳቱ አለቃ ማሽተት ነው። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉት ረቂቃን ክፍሎች ወደ 5 ሚሊዮን ሲገመቱ በአነፍናፊ ውሻ አፍንጫ ውስጥ ያሉት ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሲያነፈንፍ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል አየር ይስባል፤ የሚያስወጣው ትንፋሽ ደግሞ ከአፍንጫው ቀዳዳ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎንና በጎን ባለው ስንጥቅ ስለሚወጣ አዲስ የሚገባውን ሽታ አይበትንበትም። ሰው ባለፈበት መንገድ ሁሉ ከገላው የሚረግፍ ረቂቅ ብናኝ ይቀራል፤ የተረገጠ ሣርና የተገለበጠ አፈርም የየራሳቸውን ሽታ ያወጣሉ። ውሻው ይህን ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ይህ ፈለግ በቅዝቃዜና በእርጥበት ይቆያል፤ የቀትር ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ግን ያጠፉታል፤ ስለዚህ በእኛ ደጋ ውሻ በማለዳ የሚያሸተውንና በቀትር የሚያሸተውን አንድ አድርጎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

እኛም ብንሆን መዓዛን የናቅን ሕዝብ አይደለንም። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ በጽንሐሑ የሚያጥነው እጣን ከጸሎታችን ጋር ያርጋል፤ ቡና ሲቆላም ጢሱን በየተራ ለእንግዶቻችን እያቀረብን እናሸታለን። አረቄ በሚወጣበት ሠፈራችን ያደገ ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ ቢሄድ የማን ቤት ደጃፍ እንደ ደረሰ ያውቃል። ለእኛ የቀኑ ጥቂቱ ክፍል የሆነው ይህ ዕውቀት ለውሻው ቀኑም ሌሊቱም ነው።

በውጭ አገር ለዚህ ሥራ ተብለው ተመርጠው የሚራቡ ዘሮች አሉ። በቤልጅግ አገር በአርዴን ደን ውስጥ ባለው በቅዱስ ሁበርት ገዳም መነኮሳቱ ጆሮአቸው የተንዘረፈፈ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚያስተጋባ ፈለግ ተከታይ ውሾች ያረቡ እንደ ነበር፣ በየዓመቱም ለፈረንሳይ ንጉሥ ይልኩ እንደ ነበር ይተረካል፤ ዛሬ ብለድሀውንድ የሚባለው እስከ 50 ኪሎ የሚመዝነው ውሻ ከእነርሱ እንደ ወረደ ይነገራል። በቤተሰብ መካከል ለመኖር ይበልጥ የታወቀው ግን ቢግል የሚባለው ትንሹ ጥንቸል አዳኝ ነው፤ ቁመቱ ከ33 እስከ 41 ሳንቲ ሜትር፣ ዕድሜው ከ12 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ፣ ለልጆች ገር፣ ሆዱን ግን የማይጠግብ ነው። በእኛ በጎጃም ደጋ ያለው የአገራችን ውሻ የዘር መዝገብ የለውም። ሆኖም በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ አንዱ ጆሮውን አቁሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ሌላው ገና ዐይኑን ገልጦ ሳይጨርስ አፍንጫውን ከመሬት ሳያነሣ የሚውል ሆኖ ይገኛል። አነፍናፊ የምለው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

እንዲህ ያለ ውሻ በቤታችን አለ፤ ስሙ መርምር ነው። ዳማ፣ ጆሮው ከግማሹ የታጠፈ፣ ደረቱ ነጭ የአገር ውሻ ነው። በመስከረም ማለዳ ጤዛው ሳይነሣ ከእርሱ ጋር በጤፍ ማሳ ዳር መሄድ ለእኔ ትምህርት ነው። ገና ከበሩ ስንወጣ ዝም ብሎ ቆሞ ነፋሱን ይቀበላል፤ ከዚያም አንገቱን ዝቅ አድርጎ የአጥሩን ሥር ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ጃርት ያለፈበት ስፍራ ሲደርስ የጀርባው ጠጉር ከትከሻው እስከ ወገቡ ይቆማል፤ ጅራቱ ይገተራል፤ እርምጃው ከፈጣን ወደ ዝግተኛ ይለወጣል። ደብተራ ቀለሙ የደበዘዘበትን ብራና ፊደል በፊደል እየቆጠረ እንደሚያነብበው፣ መርምርም ሣሩን ቅጠል በቅጠል ያየዋል፤ ፈለጉ ሲጠፋበት አይቀጥልም፣ መጨረሻ ወዳገኘበት ስፍራ ተመልሶ ክብ እየሠራ ይፈልገዋል። ቦይ ከተሻገረ በኋላ ካገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረዘም ባለ ድምፅ ይጮኻል። ያ ጩኸት ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከሚያሰማው ጩኸት የተለየ ነው፤ የቤቱ ልጆች በጨለማ እንኳ ይለዩታል።

በዚህ ጊዜ ስሙን ብትጠሩት አይመጣም። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ እምቢተኝነት ቆጥረው፣ በመጨረሻ በገዛ ፈቃዱ ሲመለስ በዱላ ይቀበሉታል፤ ውሻውም ከዱላው የሚማረው ነገር ቢኖር ወደ ጌታው መመለስ ክፉ መሆኑን ብቻ ነው። አእምሮው በሙሉ በአፍንጫው ላይ ሲሰበሰብ ጆሮው የሰማውን ነገር ልብ የሚለው ክፍል ይደክማል፤ ቅኔ ሲቆጥር የሰመጠን ተማሪ ስሙን ጠርቶ አልሰማኸኝም ብሎ የሚቆጣ መምህር በጎጃም ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ዐይነት ውሻ መድኃኒቱ ረዥም ገመድ ነው፤ ከአንገት ማሰሪያው ጋር የተያያዘ፣ የጎልማሳ አምስት ስድስት ርምጃ የሚሆን የኑግ ማሰሪያ ገመድ ቢሆን ይበቃል። ፈለጉን እንዲከተል ይለቀቅለታል፣ አስፋልት ሲቀርብ ይሰበሰባል።

አስፋልቱን በተለይ ማንሣቴ በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ ሌሊትና ቀን የጭነት መኪና አይጠፋበትም። የአጥንት ሽታ ተከትሎ ከሥጋ ቤት ወደ ሥጋ ቤት የሚሻገር ውሻ ቀና ብሎ ግራ ቀኝ አያይም። በጠዋት በመንገዱ ዳር ተገጭተው የምናያቸው ውሾች ባለቤት ያልነበራቸው አይደሉም፤ ብዙዎቹ ማታ ማታ «ዞር ዞር ይበል» ተብለው የተለቀቁ ናቸው።

የማሽተት ኀይል ለሰው ያለውን ዋጋ ያወቁት የቀደሙ አባቶቻችንም ነበሩ፤ ነገር ግን በተሳሳተ መንገድ ፈለጉት። ሌባሻይ የሚባለውን ሥርዐት ከሽማግሌዎች የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲከስ አንድ ብላቴና ዕፅ ያጠጡት ነበር፤ ብላቴናው በወገቡ መቀነት ታስሮ፣ በዕፁ ስካር እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይሮጣል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ያለ ምስክር ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። በዚህ ሥርዐት ስንቱ ንጹሕ ሰው ተዋርዶ፣ ስንቱ ብላቴና በዕፁ ጤናው ተናግቶ ቀርቷል። በሕግ መከልከሉ ትልቅ ነገር ነበር። ውሻ ግን ዕፅ አይጠጣም፣ ቂምም አይዝም፣ ጉቦም አይቀበልም፤ ያሸተተውን ብቻ ይናገራል። በዘመናችን በየአገሩ ፖሊስና ጉምሩክ አነፍናፊ ውሾችን በሥራ ያሰማሩት ስለዚህ ነው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከዘለቀው ጦርነት በኋላ በትግራይና በአፋር ምድር የተቀበረውን ፈንጂ ለማንሣት የፈንጂ ማምከን ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ ከሰውና ከመሣሪያ ጋር ፈንጂ የሚያሸቱ ውሾችም በሥራው ተሰልፈው ነበር። እረኛ በጎቹን ይዞ ተመልሶ የሚገባበት መሬት አስቀድሞ የውሻ አፍንጫ የዳሰሰው መሆኑን ማሰብ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ስለ ጎጃም ውሻ ሲነገር የቆሎ ተማሪውን መዝለል አይቻልም፤ ይህ አገር የቅኔ አገር ነውና። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ከሩቅ ቀዬ የመጣ ልጅ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መጀመሪያ የሚመልስለት ውሻው ነው። ዛሬ ትልልቅ መምህራን የሆኑ ሰዎች እግራቸውን ገልጠው የጥርስ ጠባሳ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ውሻው በደበሎው ውስጥ የብዙ በግ፣ የብዙ ጢስ፣ የብዙ ቀዬ ሽታ ስለሚያገኝ፣ ይህ ሽታ ደግሞ በየጊዜው ከአዲስ ሰው ጋር ስለሚመጣበት ይደነግጣል። ያን ጊዜ አንዳንድ ቤት «ጃስ!» ብሎ የሚለቅ ልጅ ይኖራል፤ ይህ ነውር ነው፣ ወላጅም ሊቆጣ ይገባዋል። ነገሩ የሚስተካከለው ግን ውሻው ቡችላ ሳለ ነው። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያገኘውን ሰውና ያሸተተውን ነገር ሁሉ የዓለሙ አካል አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን አዲስ ነገር ግን በጥርጣሬ ያያል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ለምጽዋት የመጣው ተማሪ ጉርሻውን ለቡችላው በእጁ እንዲሰጠው ይደረግ፤ ጥላ የያዙ ቄስ፣ አህያ የሚነዳ ነጋዴ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ የሚሮጡ ልጆች ይቅረቡት። የእኛ መርምር ደበሎ ያሸተተ እንደ ሆነ ጅራቱን ይቆላል፤ በቡችላነቱ ደበሎ ለብሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ የእንጀራ ቁራሽ ይሰጠው ነበርና።

እንግዳም «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ በደጅ ሲጣራ ውሻውን ይዞ መጮኽ ብቻ አይበቃም። እንግዳው ቆሞ፣ ዐይን ለዐይን ሳያየው፣ እጁን ወደ ታች ለቆ ይቆይ፤ ውሻው ቀርቦ ያሽትተው። የሰውን ማንነት የሚመረምረው በዚህ ነውና ምርመራውን ካልጨረሰ አይረጋጋም።

ከስም ጀምሮ ያለውንም ነገር ልጨምር። በገጠራችን ለውሻ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ጎረቤቱ እንዲሰማው ታስቦ የረዘመ ስም ይወጣለታል፣ ውሻው ሲጠራ የሚወጋው ሌላ ሰው ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለ አደን በጻፈው መጽሐፍ የጥንቸልን ሽታ ለሚከተሉ ውሾች የሚሆኑ ብዙ ስሞችን ዘርዝሮ፣ ለመጥራት እንዲቀሉ አጫጭር ይሁኑ ይላል። ምክሩ ዛሬም ይሠራል። አጭር ስም፣ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ፣ ለመልካም ነገር ብቻ ይጠራ፤ ውሻን በስሙ ጠርቶ መምታት ስሙን ማበላሸት ነው።

አፍንጫውን ሥራ እንዴት እናስይዘው የሚለው ጥያቄ ገንዘብ የሚጠይቅ አይምሰላችሁ። በቤታችን ልጆቹ ድብብቆሽ ሲጫወቱ አንደኛው ልጅ ከጎተራው ጀርባ ወይም ከጭድ ክምሩ ውስጥ ይደበቃል፤ ሌላው የተደበቀውን ልጅ ነጠላ መርምርን ያስሸትተውና «ፈልግ!» ይለዋል። በመጀመሪያ ግቢውን በሙሉ ይዞራል፤ ከዚያ ልጁ በሄደበት መንገድ ይገባል፤ ጭዱን በአፍንጫው ይገፋና ጠጉሩን ይዞ ሳይሆን እጅጌውን ልሶ ያወጣዋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ቆራርሶ በቤት ውስጥ በእንቅቡ ሥር፣ በመደቡ ጥግ፣ በሞሰቡ ጀርባ መደበቅ ይበቃል። እንዲህ ሩብ ሰዓት ያህል የፈለገ ውሻ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ከዋለው ይልቅ ረክቶ ይተኛል፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረው ግን ሰንሰለቱ እስከ ደረሰበት ድረስ መሬቱን እየቆፈረ፣ ጎረቤቱን እየበጠበጠ ያድራል።

ስለ ምግቡ በእኛ አገር የሚነሣ ልዩ ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን፣ ከዚያም በሌሎቹ አጽዋማትና በረቡዕና በዓርብ ቤተሰቡ ከፍስክ ሲከለከል ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ የሚደርሰው የእንጀራ ፍርፋሪና የሽሮ ቅሪት ብቻ ነው። ጾም የታዘዘው ግን ለሰው እንጂ ለእንስሳ አይደለም። በጾም ወራት ዶሮዎቻችን መጣላቸውን አያቆሙም፤ እንቁላሉ ሁሉ ወደ ገበያ ከሚሄድ በሳምንት ጥቂቱ ተቀቅሎ ለውሻው ቢሰጥ ጠጉሩ ሲያበራ ታዩታላችሁ። የተቀቀለ አተርና ባቄላ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይበጀዋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ደሙን ይጎዳዋል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ስንጣሪው አንጀቱን ይበሳል፤ የጠላና የአረቄ አተላም ከብት በላው ተብሎ ለውሻ አይሰጥ። አነፍናፊ ውሻ ሽታ ያለውን ሁሉ የሚበላ፣ መጥገብን የማያውቅ በመሆኑ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ እስከማይገኝ ድረስ ማወፈርም በደል ነው።

በበዓል ዕርድ ቀን የምናደርገውን ነገር ግን ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። ለፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ከተገኘ «ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻው እንወረውረዋለን። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘር በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር በሣሩ ላይ ይፈስሳል፤ በጉና በሬው ሲግጡት፣ ልጁም ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያው ውሃ የቋጠረ እባጭ ይወጣል። በጎቻችንን አንገታቸውን አዙሮ ክብ እያስኬደ የሚገድለው አዙሪትም መንገዱ ይኸው ነው፤ በአዙሪት የሞተውን በግ ጭንቅላት ለውሻ የሰጠ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት አዙሪት በገዛ እጁ ዘርቷል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ውሻውም በየሦስት ወሩ የኮሶ መድኃኒት ይውሰድ።

ጆሮው የታጠፈ ውሻ የጆሮ በሽታ ይቀድመዋል፤ አየር የማይገባበት ስፍራ እርጥበት ያዝላልና። በየሳምንቱ ጆሮውን ገልጦ ማየት፣ መዥገር ካለ ከሥሩ ይዞ መንቀል፣ የሚሸት ወይም የሚያሳክከው ከሆነ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይበቃል። ሲያረጅም ዐይኑ ይደበዝዛል፣ ጆሮው ይደነቁራል፤ አፍንጫው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ በኋላ ይቆያል። ስለዚህ የሸመገለ ውሻ የሚተኛበትን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ አትለውጡበት፣ የሚበላበትንም ስፍራ አታዛውሩበት።

የመጨረሻውና የከበደው ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ይህ በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ዛሬም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው፤ ከሚነከሱትም ከመቶው አርባው ያህል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ከዚህ በሽታ አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን መዳን አለ። ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ሜይስተርን በክትባት ካዳነው ወዲህ መንገዱ ታውቋል። በስሙ የተሰየመው ተቋም በአዲስ አበባ ሲቆም ሠፈሩ ስሙን ይዞ ቀረ፣ ዛሬም «ፓስተር» ይባላል፤ ከበግ አንጎል የሚሠራው የቀድሞው ክትባት ለብዙ ቀናት በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋ እንደ ነበር የሚያስታውሱ በመካከላችሁ አሉ። አሁን ያለው ክትባት ቁጥሩ ያነሰ፣ ሕመሙም የቀለለ ነው።

እኔ የተነከሰ ሰው ወደ ጠበል መወሰዱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። በአርዴን የቅዱስ ሁበርት ገዳም የነበሩ መነኮሳትም በእብድ ውሻ ለተነከሱ ይጸልዩ ነበር፤ ከንክሻው በፊት የውሻውን አፍንጫ ያከበሩት እነርሱ፣ ከንክሻው በኋላ ውሻው የጎዳውን ሰው ያስታምሙ ነበር። ነገር ግን የተነከሰ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጠበሉ ከዚያ ይቀጥል። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና የሚታወቅ ከሆነ በቁጣ አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ይህ መጠባበቅ ግን ልጁን ሐኪም ዘንድ ማድረሱን ለአንድ ቀን እንኳ አያዘገየው።

በሽታው ሰውን ብቻ አይደለም የሚበድለው። ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በጮቄ ተራራ ላይ ቀድሞ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል። በመላው ዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ይህ ፍጥረት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ በባሌ ተራሮች በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. ከቤት ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ባልተከተበ ውሻ አፍንጫ ተመርቶ ወደ ዱር የሚገባ በሽታ እንዲህ ያደርጋል። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ ሰባው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል፤ ሰባው ማለት ግን የጎረቤቴ ውሻ ብቻ ማለት ሳይሆን የእኔም ነው።

ክትባት በሚሰጥበት ቀን እንግዲህ ውሻውን ሌላ ሰው ሳይሆን በቤቱ ይበልጥ የሚያምነው ሰው ይዞት ይምጣ። በሰንሰለት እየጎተቱ አያምጡት፤ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ገመዱን ለብሶ በቤት ውስጥ ይለማመድ። ሁለት ውሾች በአንድ ገመድ አይታሰሩ፣ በሰልፉም መካከል አፍንጫ ለአፍንጫ የማይደርሱበት ርቀት ይኑር። የሚናከስ ከሆነ አፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጆሮው ጀርባ እሰሩለት፤ መርፌው ካለቀ ወዲያው ፍቱት። ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ሦስት ወር የሞላበትን ቀን ቆጥራችሁ አምጡት፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገምለት። የተሰጣችሁንም ወረቀት ከቤት ሰነዳችሁ ጋር አኑሩት፤ ልጅ የተነከሰ ዕለት ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።